ለሳቅ ብዬ የተረጎምኩት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በበጋ፣ እዚሁ ጋምቤላ ከተማ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ነው። ሌላው ሰው ስብሰባውን ረስቶታል። እኔን ግን ያን ቀን የተናገርኩት እስካሁን አልለቀቀኝም።

የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። አኝዋክኛም አማርኛም ስለምችል፣ ስብሰባ ሲኖር የማስተረጉመው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት የመጣችው ሰናይት የምትባል ወጣት የውሃ ባለሙያ ነበረች። የባሮ ወንዝ በበጋ ሲቀንስ የእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ለሳምንታት ይጠፋል። እሷም ከሆቴሎችና ከትልልቅ ግቢዎች የሚወጣውን ፍሳሽ በየደረጃው አጣርቶና መርምሮ ወደ መጠጥ ውሃው መጨመር ይቻላል የሚል ሐሳብ ይዛ መጣች። ነዋሪው ከተስማማ ሙከራው በእኛ ሰፈር ይጀመራል፣ የሕዝብ ቦኖ ውሃም ይተከልልናል። የከተማው ምክር ቤት አባላት በጉዳዩ ለሁለት ስለተከፈሉ የእኛ መልስ ይጠበቅ ነበር።

ሰናይት «የተጣራ ፍሳሽ» አለች። ለዚህ በአኝዋክኛ አጭር ቃል አልመጣልኝም። ቆም ብዬ ማስረዳት እችል ነበር። ግን ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ሰውም ማዛጋት ጀምሯል።

«የሽንት ቤት ውሃ ላጠጣችሁ ነው ትላለች» ብዬ ተረጎምኩት።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰናይትም ነገሩ ሳይገባት አብራ ፈገግ አለች። ሳቁ ጣመኝ። ስለ ማጣሪያውና ስለ ምርመራው የተናገረችውን አሳጥሬ፣ ሽንት ቤቱን ግን ደገምኩት።

አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ይህን ለውሻ እንኳን አንሰጥም» አሉ። ሳቁ ወደ ቁጣ ተለወጠ። የምትደግፉ እጅ አውጡ ሲባል አንድም እጅ አልወጣም።

ሰናይት በር ላይ ጠበቀችኝ። «መምህር፣ ምን ብለው ነው የነገሯቸው?» አለችኝ።

«ያልሽውን ነዋ» አልኳት።

ትንሽ አየችኝና «እሺ፣ ይሁን» ብላ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ የቧንቧው ውሃ ጠፋ። አንድ ጠዋት ጎረቤታችንን ማማ አሪየትን ከወንዝ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ጉልበታቸውን ይዘው ቆመዋል። ውሃው ደፍርሷል። ተሸከምኩላቸው። ሆዳቸውን ታመው ጤና ጣቢያ ተኝተው እንደነበር መንገድ ላይ ነገሩኝ።

ከዚያ «ያቺ ልጅ ሽንት ቤት ልታጠጣን ነበር። አንተ ባትነግረን ምን ይውጠን ነበር? እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉኝ።

ቤታቸው አድርሼ ዝም ብዬ ልወጣ አሰብኩ። እግሬ እምቢ አለኝ። ቁጭ ብዬ ሰናይት ያለችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።

«ታዲያ ያኔ ለምን እንዲህ አላልከንም?» አሉኝ።

«ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው።»

ጀሪካኑን ወደ ጥግ ገፉት። «እኔም ስቄ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄጄ ጥፋቴን አመንኩ። ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤው ለምክር ቤቱ ተልኳል፣ ሰናይትም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች አለኝ። ስልኳን ተቀብዬ ደወልኩላት። ያደረግኩትን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ያኔ በር ላይ ቢነግሩኝ እኮ፣ ሰዉ ገና ግቢው ውስጥ ነበር» አለችኝ። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም።

ምናልባት በደንብ ተርጉሜላቸውም እምቢ ይሉ ነበር። እምቢ ማለት መብታቸው ነው። ግን ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ሰናይት ያለችውን የሰማ ሰው አልነበረም። ሁሉም እጁን ያላወጣው እኔ ያልኩትን ሰምቶ ነው።