እማማ ቱሪድ የጠሩት ስም

የሄድኩ ዕለት ሌሊቱን ማንም አልተኛም። ደባርቅ ያለው ቤታችን በጎረቤት ተሞልቶ አንዷ ስትመርቅ፣ አንዷ ስታለቅስ፣ እማዬ ጓዳ ገብታ ነጭ ሽንኩርት ትመርጥ ነበር። የምትተዳደረው በነጭ ሽንኩርትና በገብስ ንግድ ነው። "የሺዬ፣ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት አታገኚም" ብላ የሻንጣዬን ጥጋጥግ ሞላችው።

ሊነጋጋ ሲል ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ አብረን ተሳፈርን። እስከ አየር ማረፊያው ትሸኘኛለች ብዬ ነበር። ዳባት ስንደርስ ግን፣ "እኔ እዚህ እወርዳለሁ፣ ገበያ አለኝ" አለች። የዚያን ቀን ዳባት ገበያ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ነጠላዋን አጥብቃ ወረደች፤ ዞራም አላየችኝ።

ኖርዌይ የገባሁት ሰው ቤት ሕፃናት ለመጠበቅ ነበር። ቋንቋውን እንደምንም ካቀናሁ በኋላ የነርስ ትምህርት ጀመርኩ። ቀን ትምህርት ቤት፣ ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ ደግሞ ሆስፒታል በረዳትነት እሠራለሁ፤ የሥራ ተራውን "ቫክት" ይሉታል። ባቡር ውስጥ መጽሐፌን ጉልበቴ ላይ እንደዘረጋሁ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ከመውረጃዬ አልፌ ስንቴ ተመለስኩ መሰላችሁ! የደባርቅን ብርድ ያየች ልጅ ምን ትሆናለች ትሉ ይሆናል። የእኛ ብርድ እኮ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የዚህ አገሩ ግን ፀሐይዋንም አባርሮ ያስገባታል። ድንቹም የእኛን ድንች ይመስላል፣ ስትቀምሱት ግን ውኃ ውኃ ይላል።

የተከራየሁት የአንዲት አሮጊት ምድር ቤት ነው። ስማቸው ቱሪድ ይባላል። እዚህ አገር አንቱ ብሎ ነገር የለም፤ የሰማንያ ዓመት ሴት "አንቺ ቱሪድ!" ነው የሚባሉት። እኔ ምላሴ እምቢ ስላለኝ በልቤ እማማ ቱሪድ እላቸዋለሁ። ቁልፉን ሊሰጡኝ በሩ ላይ ቆመው፣

"ታጨሻለሽ?" አሉኝ።

"አላጨስም።"

"እንግዳ ይበዛብሻል?"

"እዚህ ዘመድ የለኝም።"

"ጥሩ" አሉ።

ዘመድ የለኝም ብዬ "ጥሩ" ስባል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብዙም ሳይቆዩ፣ ራቴን ስጠብስ፣ ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው መጡ።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?"

"ነጭ ሽንኩርት ነው። እናቴ የላከችልኝ።"

"እናትሽ የላከችልሽን መስኮት ከፍተሽ ጥበሺዋ!"

"ውጭ በረዶ ነው እኮ።"

"እንግዲያው ቀቅዪው!"

ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው ስለ መስኮት፣ ስለ ምድጃና ስለ ጫማ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን እንኳ ላይ ቤት ግቢ ብለውኝ አያውቁም።

ሆስፒታሉን ስጀምር ሬሳ ያስደነግጠኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያስደነገጠኝ ግን የአስታማሚ አለመኖር ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ቢታመም ከጃናሞራ ድረስ ዘመድ ይመጣል፤ ዘበኛው "አንድ አስታማሚ ብቻ!" እያለ ሲጮህ ይውላል እንጂ የሚሰማው የለም። እዚህ አበባ ይዘው ይመጣሉ፣ አበባውን ትተው ይሄዳሉ። የቅርብ ቤተሰብን "ፖሮረነ" ይሉታል። ቃሉን ለፈተና ነው የሸመደድኩት።

በረዶው በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ምሽት ቫክት ላይ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት የመድኃኒት ስሌት ፈተና አለብኝ፤ እሱን ያላለፈ ልምምድ አይወጣም። መንገድ ላይ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው የተሰበረ አሮጊት በአልጋ እየተገፉ መጡ። ፊታቸውን ባየው እማማ ቱሪድ! እኔ ጭምብል አድርጌ ስለነበር አላወቁኝም። ብርድ ልብስ ሳለብሳቸው የተራው አለቃ ነርስ ማሪት ጠየቀቻቸው፦

"ቱሪድ፣ ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትደረጊያለሽ። ማንን እንጥራልሽ? የቅርብ ቤተሰብሽ ማነው?"

"ዬሺ" አሉ።

"ዬሺ ማን?"

"ታች ቤት የምትኖረው ልጅ።"

ብርድ ልብሱ ከእጄ ወደቀ።

"ልጅ የለሽም?" አለች ማሪት።

"አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። እሱን ተዉት።"

ጭምብሌን ዝቅ አደረግኩ። ያፍራሉ ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ትኩር ብለው አዩኝና፣ "ምድጃውን አጥፍተሽ ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

ማሪት ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ። "ወይ ሠራተኛ ነሽ ወይ ቤተሰብ። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም መሆን አይቻልም። ምረጪ።"

"እኔ እኮ ተከራይ ነኝ" አልኳት።

ይህን እያልኩ ግን ዩኒፎርሜን እያወለቅኩ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስሌቴን ላጠና መጽሐፌን ዘረጋሁ። እንቅልፍ ሲወስዳቸው የእጄን አንጓ እንደያዙ ቀሩ፤ ላስለቅቅ ብሞክር ጭራሽ አጠበቁት። ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው፣ "ስነቃ ትኖሪያለሽ?" አሉኝ። ያ ሁሉ መስኮት ክፈቺ፣ ጫማሽን አውልቂ የሚል ድምፅ የሕፃን ድምፅ ሆነብኝ።

"እኖራለሁ" አልኩ። ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ፈተና ሊገቡ እየተሰለፉ ነበር።

ሰኞ ያመለጠኝን ፈተና እንዲፈትኑኝ ልለምን ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጨዋ ሰው ነው ያነጋገረኝ፤ እዚህ አገር ፈገግ ብለው ነው የሚከለክሏችሁ።

"ለቅርብ ቤተሰብ ሕመም ፈቃድ እንሰጣለን። የታመመችው ምንሽ ናት?"

"አከራዬ።"

"አከራይ ቤተሰብ አይደለም።"

"ሆስፒታሉ እኮ ቤተሰብ ነሽ ብሎኛል!"

"ሆስፒታሉ ይበል። እኛ አንልም።"

ጓደኞቼ ልምምድ ሲወጡ እኔ የሚቀጥለውን ፈተና ልጠብቅ ቀረሁ። እማማ ቱሪድ ድነው በምርኩዝ ቤታቸው ገቡ። ስለዚያ ሌሊት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ማታ ሽንኩርት ስጠብስ ግን ወለሉን በምርኩዙ ደበደቡት፦ መስኮት! ብቻዬን ሳቅኩ።

እሁድ ለእማዬ ደወልኩና ሁሉን ነገርኳት። የምርቃት መዓት ታወርድብኛለች ብዬ ነበር።

"እማዬ፣ ይሰማሻል?"

"ይሰማኛል። እኔም እኮ ተኝቼ ነበር።"

"የት?"

"ሆስፒታል ነዋ። ሆዴን ቆርጦኝ። ጎረቤታችን ጌጤ ናት ያስታመመችኝ። አሁን ድኛለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልታደርጊልኝ? ነርሷም 'እማማ፣ ልጅ አለዎት?' ብላኝ ነበር።"

"ምን አልሻት?"

"የለኝም አልኳት።"

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"አትቆጪኝ የሺዬ" አለች። "አለኝ ብላት ይጥሯት ትለኝ ነበር።"

ወዲያው ደግሞ፣ "ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል?" አለችኝ።