በፍልሰታ የተሰፈረ ጥላ

«መሪጌታን ያሳፈርሻቸው አንቺ ነሽ አሉ፤ እውነት ነው?»

ወሬው የደረሰኝ እንዲህ ነው። ጋሸና ላይ፣ ከአንድ ምግብ ቤት በረንዳ ተቀምጬ ወደ ላሊበላ የሚወጣ የጭነት መኪና እጠብቅ ነበር። የነገረችኝ ጧፍ ሸጣ የምታድር የሰፈራችን ሴት ናት፤ ከወልድያ ሰምና ፈትል ገዝታ ስትመለስ አገኘችኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረስንም።

«እኔ? ምን አድርጌ?» አልኋት።

«በደብዳቤሽ ነዋ! ‹የመሪጌታ የጥላ ቁጥር ስህተት ነው› ብለሽ ጽፈሽ። አባትሽ ደስ ብሏቸው ወስደው አነበቡላቸው። እሳቸውም ‹እንግዲያው የተማረችው ትቁጠር› ብለው ተዉት። ይኸው ፍልሰታ ገባ፤ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ዳዊት ከመድገም በቀር ጥላ የሚባል አይነኩም።»

«ታዲያ ሰው ጾሙን በምን ይፈታል?»

«በሰዓት! ያ አስጎብኚ ጎረቤትሽ ፈረንጅ የሰጠው የእጅ ሰዓት የለውም? ቱሪስቱ ቀርቶበት እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። አሁን መሪጌታው እሱ ሆኗል።» ሳቀችና ወዲያው አማተበች።

ለማያውቅ ልንገር። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ቀኑን የሚለኩት በገዛ ጥላቸው ነበር። ሰውየው ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የአናቱ ጥላ ያረፈበትን ያስተውላል፤ ከዚያ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ ጋር እያገጣጠመ እስከዚያው ድረስ ይቆጥራል። አንዷ የእግር ልክ ጫማ ትባላለች። ጥላው በየወሩና በየሰዓቱ ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚናገር ቁጥር አለ፤ የእኛ መሪጌታ ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉት ነው። ረጅሙ ቢሰፍር አጭሩ ቢሰፍር ብዙም አይለያይም፤ የረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነውና። በጾም ቀን ሕዝቡ እህል የሚቀምሰው እሳቸው ሰፍረው «ዘጠኝ ሆነ» ሲሉ ነበር። ድምፃቸው ደክሞ ማስተማሩን ከተዉ ወዲህ የቀረቻቸው አገልግሎት ይህች ብቻ ነበረች። እሷን ነው ያስጣልኋቸው።

እኔንም ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው። ሴት ልጅ ከወንዶቹ መካከል ማስቀመጣቸውን የሚነቅፉ ነበሩ። የኔታ ግን «ፊደሉ ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብለው ዝም ያሰኟቸው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ፣ ፊዚክስ እማራለሁ፤ በክፍላችን ያለነው ሴቶች ሁለት ብቻ ነን። ጸሎቴን በማለዳ፣ አብረውኝ የሚያድሩት ሳይነቁ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስሁ አደርሳለሁ። የሥነ ፈለክ ትምህርት የደረሰን በሦስተኛ ዓመት ነው። ያለን ቴሌስኮፕ አንድ ነበር፤ እሱም መስተዋቱ ሻግቷል። ስለዚህ መምህራችን ሰማዩን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣለልን። ፀሐይ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ከፍ እንደምትል የሚሰላበትን መንገድ ባሳየን ጊዜ እኔ ካለሁበት ክፍል ወጥቼ ላሊበላ ደረስሁ። ይህ እኮ የየኔታ ጫማ ነው! የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ያኔውኑ ተቆረጠ።

አባቴ ቁጥሩን ከየኔታ አፍ እየሰማ ጽፎ ላከልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በታኅሣሥ ቀትር የየኔታ ጥላ አራት ተኩል ጫማ ነው፤ የእኔ አራት ሆነ። ደግሜ ሠራሁት፤ አሁንም አራት። ከዚያ ያችን ደብዳቤ ጻፍሁ። «ይመስለኛል» አላልሁ፣ «ይቅርታ» አላልሁ። ስህተት ነው አልሁ፤ ፈረምሁ።

ከጋሸና ስንነሣ ኬላው ላይ ሚሊሺያው የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየው። የጉዞ ምክንያት በሚለው ላይ «ጥላ ለመለካት» ተብሎ ተጽፏል።

«የማንን ጥላ ነው የምትለኪው?»

«በፀሐይ የሚወድቀውን።»

«ይቺ ደግሞ የምትለካው አጥታ ነው» ብሎ ለጓደኛው ጠቀሰውና አሳለፈን። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

እንደደረስሁ ወደ የኔታ ሄድሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «አንቺ ቆቅ» የሚሉኝ ሰው «እንኳን ደህና መጡ፤ ጉዞው እንዴት ነበር?» አሉኝ። አንቱ ተባልሁ! በጥፊ ቢመቱኝ በተሻለኝ።

«የኔታ፣ አብረን እንለካውና ይዩት» ብዬ ለመንኋቸው።

«እርስዎ ይለኩ። እኔ መቋሚያዬን አውስዎታለሁ።»

ነሐሴ ነውና ፀሐይዋን ማን አምጥቶ! ቀትር በደረሰ ቁጥር ሰማዩ በደመና ይከደናል። ሕዝቡ በአስጎብኚው ሰዓት ጾሙን ይፈታል። የኔታ ግን ሌላው ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያሉ። አባቴ ምክንያቱን ቢጠይቃቸው «ያች ሰዓት ትቸኩላለች» አሉት። ሰው ቂም አድርጎ ወሰደው። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያው ነው ያሰብሁት።

በጾሙ መጨረሻ ቀን፣ በአሥራ አምስት፣ ሰማዩ ከማለዳው ተገለጠ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ደልዳላ ድንጋይ ላይ መቋሚያውን አቆምሁት፤ በክር ጠጠር አንጠልጥዬ ቀጥ ማለቱን አየሁ። ለቅዳሴ የመጡ ሴቶችና ካህናት ከበቡን፤ ጧፍ ሻጯም አስጎብኚውም መጡ። የኔታ ራቅ ብለው ቆሙ።

«በእኔ ስሌት ቀትር ሲሆን ጥላው ወደ ደቡብ አራት ጣት ይሆናል» አልሁ።

«በእኛ ትምህርት በዛሬው ቀትር ጥላ የለም። ፀሐይዋ ከአናት ላይ ናት» አሉ የኔታ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

«ስድስት ሆነ! ቀትር ነው!» አለ አስጎብኚው፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ።

ጥላው ግን ገና ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ነበር፤ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ጠበቅን። እያጠረ፣ እያጠረ መጣ። በሰዓቱ ስድስት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጥላው መቋሚያው ሥር ገብቶ ጠፋ። ወደ ደቡብም የለም፣ ወደ ሰሜንም የለም። ሁለት ነገር አንድ ላይ አየሁ። ሰዓቱ የሚቆጥረው አገሩ ሁሉ አንድ ሰዓት እንዲይዝ በተወሰነው፣ ወደ ኦጋዴን በኩል ባለው ቀትር ነው፤ ፀሐይ ወደዚያ ቀድማ ስለምትደርስ የእኛን ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀድማል። የኔታ ቂመኛ አልነበሩም፤ ትክክል ነበሩ። ሁለተኛውን ለማወቅ ደብተሬን ገለጥሁ። ከምድር ወገብ ያለን ርቀት በሚገባበት ቦታ ላይ ዘጠኝ ዲግሪ ተጽፏል። መምህራችን በሰሌዳው ምሳሌ ላይ የጻፈው የአዲስ አበባ ነበር። የላስታ አሥራ ሁለት ነው። ያንኑ ቁጥር ገልብጬ፣ ሁለት ጊዜም ሠርቼ፣ ሁለት ጊዜም ዘጠኝ አስገብቻለሁ።

ደብተሩን ዘግቼ ዝም ማለት እችል ነበር። ያን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው አልነበረም።

«የኔታ፣» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው። የእርስዎ ቁጥር ልክ ነው።»

ቀና አሉ። «የት ላይ ነው የሳትሽው?» አሉኝ፤ ንባብ ስሳሳት ሲጠይቁኝ በነበረው ድምፅ።

«የአዲስ አበባን ልክ ይዤ ላስታን ሰፈርሁ። ያ አገር ከእኛ ወደ ደቡብ ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይዋ ለእነሱ ከፍ ትላለች፣ ጥላቸው ያጥራል።»

«ቆይ። በታኅሣሥ ቀትር እነሱ ዘንድ ስንት ጫማ ነው?»

«አራት።»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ያመማቸው መስሎኝ ሮጥሁ። «ተይኝ» አሉ። «በጎልማሳነቴ ከሸዋ አንድ መነኩሴ በእንግድነት መጥቶ ‹በታኅሣሥ አራት ነው› ብሎኝ ነበር። ‹ከማን ተምረህ ነው? ግማሹን ጫማ መንገድ ላይ ጣልኸው?› ብዬ በጉባኤ መካከል አሳቅሁበት። ምግቡን ሳይበላ ነው የሄደው። ልክ ነበር ማለት ነዋ?»

«ለአገሩ ልክ ነበሩ።»

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየን፤ ለካስ ይስቃሉ። «እኔና አንቺ አንድ ነን፣ ቆቅ! አንቺስ በጊዜ ነው የነቃሽው። እኔ ሸበትሁበት።» ወዲያው ሳቁን ትተው ለመነኩሴው ነፍስ «አባታችን ሆይ» እንድንደግም አዘዙን፤ ቆመን ደገምን።

«ታዲያ እኔ በሰዓት የበላሁት ይቆጠርብኛል?» አለች ጧፍ ሻጯ።

«ሳታውቂ ነው። ከዛሬ ወዲያ የበላሽው ይቆጠርብሻል።»

አስጎብኚው ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። «ከሥራ ተሰናበትሁ» ብሎ አሳቀን። ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ነጠላቸውን አስተካክለው በድንጋዩ ላይ ቆሙ፤ በባዶ እግራቸው፣ ተረከዝ ከአውራ ጣት፣ ስድስት ጫማ ከትንሽ ሰፈሩ። «ዘጠኝ ሆነ» አሉ። የደከመ ድምፅ ነው፤ ግን ሁላችንም ሰማነው። ሕዝቡም በእሳቸው ቃል ጾሙን ፈታ።

ጽሑፌን እንደገና ሠራሁት፤ የላስታውንና የሸዋውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጬ። መምህሬ አሳለፈኝ። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ በጦርነት ተዘጋ፤ እኔም ለትምህርት ወጥቼ በዚያው ቀረሁ። አሁን የምኖርበት አገር በታኅሣሥ ቀትር የሰው ጥላ ሃምሳ ጫማ አልፎ ይሄዳል፤ ለተማሪዎቼ ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው ከላስታው ቁጥር ነው። የኔታ ማረፋቸውን ሰምቻለሁ። ያላወቅሁት አንድ ነገር ነው። ያቺን አንዲት ቀን ነው ያየሁት፤ በሦስተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። በተከታዩ ዓቢይ ጾም፣ እኔ በሌለሁበት፣ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ነበር ወይስ ያን ቀን ለእኔ ብለው ብቻ ነው የሰፈሩት?

እባካችሁ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ አብራችሁን የቆማችሁ እናቶች፣ ካህናት፣ አንተም ሰዓቱን የፈታኸው ጎረቤቴ፣ በሕይወት ካላችሁ ንገሩኝ። ሰፍረው እንደሆነ እስከ መቼ፣ ትተውት እንደሆነም ሳትደብቁ ጻፉልኝ። ከእሳቸው ተቀብሎ ቁጥሩን የያዘ ሰው ካለም በእኔ በኩል ሰላም በሉልኝ፤ የአገሩን ፀሐይ ልክ ጨምሬ ልልክለት ዝግጁ ነኝ።