ጋሽ ታዬ የመረጡት ጥንቸል

ባለፈው ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፓሎ አልቶ በምሠራበት ሆስፒታል ካፊቴሪያ፣ ባልደረባዬ ሳባ ስልኳን አቀበለችኝ። የልጇ ጥንቸል ስድስት ወልዳለች። «አንቺ ድሮ ታረቢ ነበር አይደል? ሁለቱን ብቻ ነው ኪፕ የምናደርገው፤ እስቲ ምረጪልን» አለችኝ።

ፎቶውን አየሁና ስልኩን መለስኩላት። «በፎቶ አይመረጥም፤ ደግሞም ገና ናቸው» አልኳት። ሰላጣዬን ግን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ጥንቸል ሳረባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ኦክላንድ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። በጓሯችን አንድ የሎሚ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር የጥንቸሌ ኬጅ። እናቴ የጥንቸሉን ነገር መጀመሪያ ስትሰማ «አይበላ፣ አይታለብ፣ ሌባ ቢመጣ አይጮህ! ምን ሊሠራልሽ ነው?» ብላ ነበር። አከራያችን ደግሞ ግልገሎቹን ሳይጨምር ከሁለት ጥንቸል በላይ እንዳያይ አስጠንቅቆናል።

ጥንቸሏን የሰጡኝ ጋሽ ታዬ ናቸው። በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። የምናውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ከባለቤታቸው ከእትዬ አስቴር ጋር ሆነው ለውድድር የሚቀርቡ ጥቁር ጥንቸሎች ያረቡ ነበር፤ ፀጉራቸው አጭር፣ እንደ ከፋይ የለሰለሰ። እትዬ አስቴር ካረፉ በኋላ ከዚያ ሁሉ አንድ ያረጀ ወንድና ሁለት ሴቶች ብቻ ቀሩ። ከሴቶቹ አንዷን ለእኔ ሰጡኝ፤ ከወንዱም ጋር አገናኙልኝ። ውላችን አንድ ነበር፤ ልጆቹ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው መጀመሪያ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌውን የሚተካ ወንድ ይፈልጋሉ። ከዚያ እኔ አንድ አስቀራለሁ፤ የተረፉት ለልጆቻቸው ለማዳ እንስሳ ለሚፈልጉ ሰዎች ይሰጣሉ።

ስድስት ተወለዱ። አራቱ ሴቶች፣ ሁለቱ ወንዶች። ከወንዶቹ አንዱ ፀጉሩ ላይ እንከን አልነበረውምና ቀለም አልኩት። ሌላው ጠብደል ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጭንቅላቱ ክብ፣ ሲያዩት የሚያኮራ። ጎረቤቶች አጥሩን ተደግፈው የሚያደንቁት እሱን ነው። እኔ ግን ትምህርት ቤት ሆኜ እንኳ የማስበው ቀለምን ነበር።

ጋሽ ታዬ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የጠብደሉን ከንፈር ገለጥ አድርጌ ጥርሱን አየሁ። የጥንቸል የታች ጥርሶች ከላይኞቹ ኋላ ነው መቀመጥ ያለባቸው። የእሱ ቀድመው ወጥተዋል። በጥቂቱ ነው፤ ግን ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ጥንቸል ከውድድር ይባረራል። ጉድለቱ ወደ ልጆቹ ስለሚያልፍም ለዘር አይሆንም። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሽ ታዬ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር አይነዱም፤ ጎረቤታቸው አድርሷቸው ሄደ። ከዛፋቸው የለቀሙትን ብርቱካን በፌስታል ለእናቴ ሰጡና ቀጥታ ወደ ጓሮ። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ዘርግቼ አንድ በአንድ አቀረብኩላቸው። ከትከሻ እስከ ዳሌ በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ለእሳቸው እንደ ማየት ነው። ቀለም ላይ ቆዩ። ጠብደሉ ላይ ደግሞ ቆዩ። እንደገና ወደ ቀለም ተመለሱ። የእኔ ልብ እጃቸውን እየተከተለ ይሄዳል።

«ራሄል፣ ጥርሳቸውን አይተሻል?»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«ሁሉም ደህና ናቸው?»

እናቴ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ሰሃን እያጠበች ታየናለች። የጠብደሉን ጥርስ ከነገርኳቸው የሚወስዱት ቀለምን ነው።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

አውራ ጣታቸውን ወደ ጠብደሉ ከንፈር አስጠግተው ነበር። መለሱት። «አንቺ ካየሽው ምን አስጨንቀዋለሁ!» አሉና ወደ ሣጥናቸው ከተቱት።

ደስታዬ እስከ ምሳ እንኳ አልቆየም። ማታ ማታ ይደውላሉ። አንድ ቀን «አስቴር ብታየው ኖሮ! ዘሯ ሳይጠፋ ቀረላት» አሉኝ። ሌላ ቀን «ሲበላ ትንሽ ያፈስሳል፤ ልጅነት ይሆናል» አሉ። ልነግራቸው አፌን እከፍታለሁ፤ «እሺ ጋሼ፣ ደህና ያምሹ» ብቻ ይወጣል። በዚህ መሐል ሳን ሆዜ ለሚደረገው የጥንቸል ውድድር ሁለታችንም ተመዘገብን። ዳኛው ሰው ፊት የጠብደሉን አፍ እንደሚከፍት አውቃለሁ። እናቴ «አሞሻል እንዴ?» ትለኛለች፤ ፈተና ነው እላታለሁ።

የውድድሩ ቀን እናቴ ፈቃድ ወስዳ በመኪና አደረሰችኝ። በመንገዱ ዳር የፕሪም ዛፎች አበባቸውን ጨርሰው ቅጠል ጀምረዋል። እንቁላል በሚጥሚጣ ያለበት ሳንድዊች ይዛልኝ ነበር፤ አንዴ ገምጬ ተውኩት። አዳራሹ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ጋሽ ታዬ ክራባት አስረው፣ ጠብደሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በረጠበ እጃቸው ፀጉሩን ያለሰልሳሉ። አጠገባቸው ለተቀመጡት ሰዎች «ይህ ከባለቤቴ ዘር ነው» ይላሉ።

ከእኛ በፊት በተጠራው ምድብ ነጭ ካፖርት የለበሰው ዳኛ የአንዱን ጥንቸል ከንፈር ገለጠ፤ ራሱን ነቀነቀና መለሰው። ባለቤቱ ቀልቶ አንሥቶት ወጣ። ቀጥሎ የእኛ ምድብ ተጠራ። ጋሽ ታዬ ጠብደሉን ታቅፈው ብድግ አሉ። እጅጌያቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ አያስገቡት።»

«ለምን?»

«ጥርሱ ልክ አይደለም። ያን ቀን… አውቅ ነበር።»

ቁጭ ብለው አውራ ጣታቸውን ወደ ጠብደሉ አፍ አስገቡ። ከዚያ ፊታቸው እንዴት እንደሆነ ዛሬም መግለጽ ያቅተኛል፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቁጥራችን ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። እናቴ ቀርባ ሁሉንም ሰምታለች፤ ወለሉን ታያለች።

«ቀለምን አስገቢው» አሉኝ በመጨረሻ።

«አልችልም ጋሼ። እርስዎ ይውሰዱት።»

«እወስደዋለሁ። ዛሬ ግን የተመዘገበው በስምሽ ነው፤ እንስሳው ምን አጠፋ? ሂጂ። ረጋ ብለሽ ያዢው፤ ፍርሃትሽ ይሰማዋል።»

ቀለም በምድቡ አንደኛ ወጣ። ሪባኑን ስቀበል ያጨበጨቡልኝን ሰዎች አላየኋቸውም። ወጥቼ ቀለምን ከነሪባኑ ሰጠኋቸው። ቀለምን ወሰዱ፤ ሪባኑን መለሱልኝ፤ ጠብደሉንም በሣጥኑ አድርገው አስታቀፉኝ። «ጥርሱ በየጊዜው ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ በረሃብ ይሞታል። ሐኪሙ ያሳይሻል» አሉኝ። በመኪናው ውስጥ፣ ሳን ሊያንድሮን አልፈን ኦክላንድ ልንገባ ስንል፣ እናቴ «ዘግይተሽም ቢሆን ተናግረሻል» አለችኝ።

ጠብደሉን ሰባት ዓመት ጥርሱን እየቆረጥኩ አኖርኩት። ጋሽ ታዬ ግን መደወል ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ እጄን ይጨብጡና ያልፋሉ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር። በመከር መግቢያ ላይ ድንገት ደወሉ።

«ሰባት ተወልደዋል፤ የቀለም ናቸው» አሉ። «አሁን ስምንት ሳምንታቸው ነው። ዓይኔ ገና ኦፕራሲዮን አልተደረገም። ቅዳሜ ነይና ጥርሳቸውን እይልኝ።»

ሄድኩ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ አየሁ። ሁለቱን ጠረጠርኩና ነገርኳቸው፤ አንደኛዋ እሳቸው የወደዷት ነበረች። ሳያንገራግሩ ለይተው አስቀመጧት፤ ከዚያም ምሳ እንብላ አሉኝ።

ጋሽ ታዬ ካረፉ ዓመታት አለፉ። ይቅር ብዬሻለሁ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም። ያን ቀን የጠሩኝ ሌላ የሚያይላቸው ሰው አጥተው ይሁን ወይስ ሊምሩኝ ፈልገው፣ ለረጅም ጊዜ ያብሰለስለኝ ነበር። አሁን ዕድሜዬ ሲገፋ መልሱን መፈለግ ትቻለሁ። የዋሸን ሰው መልሶ ማመን ከባድ ነው፤ እሳቸው ምክንያታቸው ምንም ይሁን አድርገውታል። ለሳባ ትናንት ደወልኩላት። ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ቤቷ ሄጄ፣ ልጇ አጠገቤ ቆማ፣ አብረን እንመርጣለን።