እናታችንን የጦረልኝ ወንድሜ

ከቆቦ የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ እንዳበቃ ነው። ዓረብ አገር የሚያሻግረኝ ደላላ መኪናውን ዋጃ መንገድ ላይ አቁሞ እየጠበቀኝ፣ እኔ ግን ከእናቴ አልጋ መነሳት አቃተኝ። ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ አንደበቷ ከተሳሰረ ገና ወራት ቢሆነው ነው። በደህናው እጇ የሻሼን ጫፍ ጨምድዳ አልለቅ አለች። ጣቶቿን ያላቀቀው ታላቅ ወንድሜ ነው።

«አብሽሪ መዲና፣ እኔ አለሁ» አለኝ። «ቤት አለኝ፣ ሚስት አለችኝ። አንቺ ፈት ነሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ምን ያስርሻል? ሄደሽ ላኪ፤ እኔ እጦራታለሁ።»

ሊሸኙኝ የመጡት የሰፈር ሽማግሌዎችም ተስማምተው ዱዓ አደረጉልን። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። አዝኜለት እንዳይመስላችሁ፤ ቆቦ ላይ ሳልጠራውም ይታወቃል።

የአፋርን በረሃ አቋርጠን ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ የመን ገባን። ጀልባዋ ላይ አንዲት የሮቢት ልጅ ከንፈሯ ላይ ጨው ደርቆ «አሁን አንድ ቁራጭ ሐብሐብ ቢኖር» ብላ አሳቀችኝ። የመን ላይ ተለያየን፤ እስከ ዛሬ ወሬዋን አልሰማሁም።

ጅዳ ስደርስ፣ ቆቦ ያደገ ሰው ሙቀት ምን ያደርገዋል እል ነበር። የኛ ሐሩር ያደርቃል፤ የነሱ ይቀቅላል። ምግቡም ያው ነው፣ የማሽላ እንጀራ ያሳደገው ሆድ ሩዝን መቼ ይቆጥራል! ብቻ ሥራ አገኘሁ። ሥራዬ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እንደ እናቴ ግማሽ አካሏ የማይታዘዝ አሮጊት መጦር። አጥባታለሁ፣ ሾርባ በማንኪያ አጎርሳታለሁ፣ ጎኗ እንዳይቆስል አገላብጣታለሁ። እሷን ባገላበጥኩ ቁጥር የእናቴን ጎን አስባለሁ።

ወንዶች ልጆቿ ወር በደረሰ ቁጥር በኔ ደመወዝ ይጣላሉ።

«አንተ ትልቁ ነህ፣ አንተ ክፈል።»

«ታዲያ ጀነትም ለትልቁ ብቻ ናት?»

አንድ ቀን ትንሹ ወደ እኔ ዞረ። «መዲና፣ በአገራችሁ ለአሮጊት የሚከፍለው ማነው?»

«እኔ» አልኩት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም።

ወንድሜ በደወለ ቁጥር ዳይፐር ተወደደ፣ መድኃኒት ጠፋ፣ የምታጥባት ሠራተኛ ጭማሪ ጠየቀች ይለኛል። እልካለሁ። «እናቴን አሳየኝ» ስለው ተኝታለች ይላል፤ ሌላ ቀን ደግሞ «ኔትወርክ የለም።»

«ኔትወርክ ከሌለ አሁን በምን እያወራኸኝ ነው?»

ዘጋው።

ከዚያ የድሮ ጎረቤታችን ኸዲጃ ደወለች። ለዒድ እናቴን ልትጠይቅ ስትሄድ የወንድሜ ሚስት «ተኝታለች» ብላ ከበር ልትመልሳት ሞከረች። ኸዲጃ እንዲህ በቀላሉ የምትመለስ ሴት አይደለችም፤ በጓሮ ዞራ ገባች። ስልኳን አዙራ አሳየችኝ። እናቴ በፍየሎቹ በረት ጥግ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተኝታለች። ጎኗ ቆስሏል። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ሴራሚክ ተነጥፎበታል። ግቢው ውስጥ አዲስ ባጃጅ ቆሟል። ሠራተኛ የምትባል ሴት ኖራም አታውቅም።

አልጮህኩም። አሮጊቷን አገላብጬ ልብሷን ቀየርኩና ለወንድሜ ደወልኩ። ድምፄ ማር ነበር።

«ወንድምዬ፣ ውለታህ ብዙ ነው። ሁለተኛ ባጃጅ ልገዛልህ ነው። ግን ምርቃት ይቅደም፤ ያኔ የሸኙኝን ሽማግሌዎች ጁምዓ ላይ ጥራልኝ።»

ጠራቸው። ፍየልም አረደ። ከሶላት በኋላ ሁሉም በሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ተቀምጠው ሳለ በቪዲዮ ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ለሽማግሌው ለአባ ይማም ሰጣቸው።

«አባ፣ ከሁሉ በፊት እናቴን ልያት። ስልኩን ይዘው ወደ ጓሮ ይሂዱልኝ።»

«ተኝታለች» አለ ወንድሜ ብድግ ብሎ።

«ተኝታም ቢሆን እናያታለን» አሉ አባ ይማም። ሌሎቹም ተከተሏቸው። የበረቱ በር ሲከፈት አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሲይዙ አየሁ።

«አንተ» አሉ አባ ይማም፣ «ፍየሎቹን የት ነው የምታሳድራቸው?»

«እዚሁ…»

«ከእናትህ ጋር?»

አስቀድመን ተነጋግረን ስለነበር ኸዲጃ በር ላይ የኪራይ ባጃጅ አቁማ ትጠብቅ ነበር። እናቴን ተሸክመው ወደ ኸዲጃ ቤት ወሰዷት። ሥጋውን የቀመሰ ሰው የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለወንድሜ የምልከው የለም፤ ለኸዲጃ ነው። የሱ ባጃጅም ተራ ይዞ ይውላል፤ የሰፈራችን ሰው ግን በእግሩ ይሄዳል። ሸጦ ሊሄድ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ፤ የዚያን ቀን ሩዙም ጣፈጠኝ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። እናቴ ጎኗ ድኗል፤ በላች፣ ታጠበች አለችኝ ኸዲጃ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድምሽ በር ላይ ነው። በየቀኑ ይመጣል። እናትሽም ጥሩልኝ ትላለች። ላስገባው?»

«አታስገቢው።»

«መዲና፣ እናቱ እኮ ናት።»

«አታስገቢው አልኩ።»

ይሄኔ ወንድሜ ከውጭ «እማ!» ሲል ሰማሁት። እናቴም በዚያ በተሳሰረ አንደበቷ «ወዬ ልጄ» ብላ መለሰችለት፤ ጥርት አድርጋ።

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ» አልኩ። «እማ፣ እኔ ነኝ።»

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ማነሽ?» አለችኝ።