ሰው ባልሞተበት ቤት

የባለቤቴ የአስካለ ሕመም የጀመረው በልቅሶ ነው። የጎረቤታችን የኦቦ ቶለራ እናት አርፈው ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሰውም ወደየሥራው ሄደ። በማግስቱ ጠዋት አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ልትወጣ ስትል «ወዴት ነው?» አልኳት።

«የኦቦ ቶለራ እናት አርፈው የለም እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ!» አለችኝ።

ተከትያት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ቆማ እንደ አዲስ ታለቅሳለች። ኦቦ ቶለራ የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ ነገር የማያከር ሰው። ወንበር አወጡላትና አስቀመጧት። ወደ እኔ ዞር ብለው «ዝም በል» የሚል ምልክት በእጃቸው አሳዩኝ። በሚቀጥለው ቀን ሄደች። በሚቀጥለውም ሄደች። እኔ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ይኸን ጽሑፍ የምታነቡ ሰዎች ቤታችሁ ተመሳሳይ ነገር ካያችሁ እንደ እኔ አትተዉት።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። አባቴ ከጎጃም የመጣ ነው፤ እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ነቀምቴ አረጀሁ። ፊደል ከቄስ፣ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል፤ ከዚያ በኋላ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። አስካለ የአርጆ ልጅ ናት። አንዲት ልጅ አለችን፣ አኖ ከተማ ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እንግዲህ በሌላው ቀን ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን።

ከሁለት ወር በኋላ አስካለ ሰው ያልሞተበት ቤት ገብታ አለቀሰች። ቤቱ ደግሞ የሌላዋ ጎረቤታችን የአዴ ጫልቱ ነበር። የአዴ ጫልቱ ባል ሆዱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ከሆስፒታል ከተመለሰ ገና ሳምንት አልሞላውም። በር ላይ ሆና ደረቷን ስትመታ አዴ ጫልቱ ወጥታ ጮኸችባት።

«ባሌ ትኩስ ገንፎ እየበላልኝ ነው! ማንን ልትቀብሪብኝ ነው?»

ባልየው ከውስጥ፣ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ጫልቱ፣ ተያት እስቲ! ስሞት ማን ከልቡ እንደሚያለቅስልኝ በሕይወቴ ልየው» አለ። እሱ ቀለደ። አዴ ጫልቱ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ የእኔን ሚስት ሟርተኛ አላት። ሌላ ቤት ሄደች፣ በሩን ዘጉባት። ሌላ ቤት ሄደች፣ ውኃ ደፉባት። አርባ ዓመት የሰውን ሐዘን ስትሸከም የኖረች ሴት ናት።

ጸበል ወሰድኳት። ሁለት ሱባኤ ያዝን። ልቧ አረፈ፣ ልቅሶው ግን አልቆመም። ልጄ ተቆጥታ ሐኪም ቤት ወሰደችን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ በኋላም ሲቲ ስካን ታዘዘ። በመጨረሻ ጥያቄ ይጠይቃት ጀመር።

«እማማ፣ አሁን ምን ወር ነው?»

«ፍልሰታ ገብቶ የለም እንዴ? አንተ አትጾምም?» አለችው። ወሩስ ትክክል ነበር። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ሦስት ቃላት ነግሯት ከትንሽ በኋላ ድገሚልኝ ሲላት ግን አንዱም አልነበረም። ሐኪም ቤት በምን እንደመጣችም አላወቀችም። ባጃጁ ገና ደጅ ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

«አባባ፣ ይኼ ዲሜንሺያ፣ የመርሳት ሕመም፣ ይባላል። እብደት አይደለም። አንጎሏ ውስጥ ያሉት ሴሎች እየሞቱ ነው» አለኝ።

«ይድናል?»

«አይድንም። የሚያዘገይ ኪኒን አለ። የሚረዳው ሰው አለ፣ የማይረዳውም አለ።»

ዶኔፔዚል የሚባል ኪኒን ያዝን። እሷን ብዙ አልረዳትም።

አሁን የሚከብደኝን ልጽፍ ነው። ጓጉንቸር ገዛሁ። ወደ ስፌት ሱቄ ስሄድ ከውጭ ቆለፍኩባት። ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው አልኩ። ሰው እንዳይሰድባት ነው አልኩ። አንድ ረቡዕ ስመለስ የመስኮቱ መስታወት የለም። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እጇ ተቆርጧል። ነጠላዋ ደም ሆኗል። ቀና ብላ አየችኝ።

«ልቅሶ ቀረሁ። ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ።

እጇን በጨርቅ ጠቅልዬ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

እጇን ከሰፉላት በኋላ ቁስሉን ለማሳጠብ ጤና ጣቢያ ስንመላለስ አንዲት ነርስ ስለ አንድ ተማሪ ነገረችኝ። ቦንቱ ትባላለች፣ ሶሻል ወርክ የምትማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። የመመረቂያ ጥናቷ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ጎረቤቶቻቸው እንዴት እንደሚኖሩ ነው። የዩኒቨርሲቲዋን ማኅተም የያዘ ወረቀት አንብባልኝ፣ «አባባ፣ መልስ መስጠት ካልፈለጉ በማንኛውም ሰዓት ማቆም ይችላሉ» አለችኝ። እሺ ብዬ ፈረምኩ።

ቤት መጥታ ጠየቀችኝ። እንቅልፍስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ምግብስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ጎረቤትስ? ደህና ናቸው፣ ይመስገን። እንግዳ ሲጠይቅ ሰው ሌላ ምን ይላል? እሷም ሁሉንም ጻፈች። ስትነሣ ግን በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አየች።

«ይቺ ከውጭ ናት የምትቆለፈው?»

«አዎ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ብዕሯን ከደነችና ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኳት፤ ውኃ እንደተደፋባት፣ መስታወቱን፣ ሁሉንም። ጨርሼ ስበቃ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ማን ቤት ስትሄድ ነው ቶሎ የምትመለሰው?»

አላውቅም ነበር። አስቤውም አላውቅም።

«እንግዲያው ሄጄ ልጠይቅ» አለች። በየቤቱ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው፤ መጥታ ምን አደረገች፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ከዚያስ ምን ሆነ።

«ይኼን ለመጠየቅ ነው አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው?» አልኳት።

ሳቀች። «እርስዎስ አባባ፣ ጎረቤት ሆነው አርባ ዓመት ተቀምጠው ጠይቀው ያውቃሉ?»



በሁለት ሳምንቷ ደብተሯን ይዛ መጣች። የቀረበ ወንበር ላይ አስቀምጠው እጇን የያዟት ቤት ትንሽ አልቅሳ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ መርቃ ራሷ ተነሥታ ሄዳለች። የጮኹባት ቤት ግን አልሄደችም፤ ወይም ወደሚቀጥለው ቤት ሮጣለች። የሰው ጠባይ ሲታይ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከዚያ ቦንቱ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

«አባባ፣ ሁሉም ቤት የነገሩኝ አንድ ነገር አለ። ስታለቅስ የምትለው አንድ ነው። ‹ካሣዬን ሳልቀብረው› ነው የምትለው። ካሣ ማን ነው?»

ጓሮ ወጣሁ። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ካሣ ወንድሟ ነው። ከእናቷ ልጆች የቀራት እሱ ብቻ ነበር። እዚያው አርጆ ሳለ ሞተ። መንገዱ ተዘግቶ በነበረበት ወራት ነው። ስልኩ የመጣው እኔ ሱቅ ነው። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ማለዳ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ሽማግሌዎቹም መንገዱ እስኪከፈት ትቆይ፣ ካልቀበረች ምን ያደርግላታል አሉ። መንገዱ ተከፈተ። ያኔ ደም ግፊቷ ጨምሮ ነበር። ትዳን አልኩ። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ከዚያ ክረምት ገባ። ከዚያ መርሳት ጀመረች፤ አሁንማ ምን ዋጋ አለው አልኩ። እንዲህ እያልኩ ዓመት አለፈ።

እሷ ግን አውቃለች። ማን እንደነገራት ዛሬም አላውቅም። በየሳምንቱ የሚደውል ወንድም ስልኩ ሲጠፋ ምናልባት ነጋሪ አያስፈልግም። የኦቦ ቶለራ እናት ከማረፋቸውም በፊት ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የግቢውን በር ትከፍት፣ ዱካ፣ ያቺን ትንሽ በርጩማ፣ አምጥታ ወደ መንገዱ ዞራ ትቀመጥ ነበር። እኔ ንጹሕ አየር ፈልጋ መስሎኝ ነበር። ለካ መርዶ ነጋሪዎች እስኪመጡ እየጠበቀች ነው።

ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ፣ «እኔ ነኝ ያሳመምኳት?» አልኩት።

«አይደለም አባባ። ሕመሙ የአንጎል ነው፤ መርዶውን ቢነግሯትም ይመጣ ነበር።» ትንሽ አሰበ። «አንድ ጊዜ፣ የምታውቃቸው ሰዎች ባሉበት፣ በወጋችሁ ይንገሯት። ከዚያ በኋላ ረስታ ብትጠይቅዎ ግን እንደገና አያርዷት። ለእሷ በየቀኑ አዲስ ሞት ነው የሚሆንባት።»

ኦቦ ቶለራን ለመንኩ። ሰው ሰበሰቡ። አዴ ጫልቱም መጣች፤ ማንም ሳይጠራት። ልጄ ከአኖ ገባች። ማለዳ በጓሮ በር ወጥቼ ከእነሱ ጋር ተቀላቀልኩ፤ በገዛ ደጄ እንደ እንግዳ መጣሁ።

አስካለ ዱካዋ ላይ ነበረች። አየችን። ተነሣች።

«መጣችሁ?» አለች። ከዚያ እኔን አየች። «ምነው ቆያችሁ?»

ኦቦ ቶለራ ቀረብ ብለው መርዶውን ነገሯት።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ሦስት ቀን ሙሉ ተለቀሰ። አዴ ጫልቱ ከጎኗ ሳትነሣ፣ እጇን ይዛ፣ የሚመጣውን ሁሉ በኦሮምኛ «‹ዋቀዮ እስን ሃ ጀጀቤሱ› በሏት» እያለች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ማለት ነው፣ ስታስተናግድ ዋለች።

በሳምንቱ አስካለ እንጀራዋን እየቆረሰች፣ «ካሣ ለጥምቀት ይመጣል አይደል?» አለችኝ። ሐኪሙ ያለኝን አሰብኩና «ካሣ በልጅነቱ ምን ዓይነት ነበር?» አልኳት። በቅሎ ሲጋልብ እንዴት ወንዝ ውስጥ እንደወደቀ ነገረችኝ። እስክትጨርስ ሰማኋት። አሁንም ወር በወር እንዲህ ነው። የወደቀበትን ወንዝ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ።

አልዳነችም። ኪኒኑ አላቆመውም፣ እኔም ማቆም አልቻልኩም፤ ዘንድሮ የልጃችን ስም ጠፍቶባታል። ጎሕ ሲቀድ ደጅ መቀመጡን ግን ተወች። ለምን እንደተወችው ቦንቱንም ሐኪሙንም ጠየቅሁ፣ ሁለቱም እርግጠኛ ነገር አልነገሩኝም። ልቅሶዋን አልተወችም፤ ነገር ግን በእድሩ ስብሰባ ኦቦ ቶለራ ተነሥተው አስካለ ደጃችሁ ብታለቅስ ሟርት አይደለም፣ ወንበር አቅርቡላት ብለው ከተናገሩና የአዴ ጫልቱ ባልም «እኔ ዘንድ ቀድማ ትምጣ፣ ሂሳቡን ከወዲሁ ልጨርስ» ብሎ ሰውን ካሳቀ ወዲህ፣ የሰፈሩ ሰው ተቀብሎ አስቀምጦ፣ እጇን ይዞ፣ እስከ ደጃችን ሸኝቶ ይመልሳታል። ጓጉንቸሯን ለሱቄ አደረግኋት።

ቦንቱ ተመርቃ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛለች። ከመሄዷ በፊት የታተመውን ጥናቷን አምጥታ አሳየችኝ። ስማችን የለበትም፤ «ቤት አራት» ነው የምንባለው። ቤት አራት ያመሰግንሻል፣ ልጄ። ሐኪሙንም፣ ኦቦ ቶለራንም፣ አዴ ጫልቱንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንደ እኔ ያላችሁ፣ የማውቀው ይኸን ያህል ነው። ቶሎ ሐኪም አሳዩ፤ ከታይሮይድ ወይም ከቪታሚን እጥረት የሚመጣ፣ የሚታከም መርሳትም አለ ብሎኛል። አትቆልፉ። እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ስሟንና ስልኬን በየነጠላዋ ጥለት ሥር በክር ጠልፌዋለሁ፤ እናንተም ለቅርብ ሰው ስጡና አስጠልፉ። ጎረቤታችሁን አትፈሩ፣ ሂዱና ጠይቁ፤ እኔ ዘግይቼ ነው የጠየቅሁት፣ ያውም በሰው ልጅ፣ በቦንቱ አፍ። መርዶ ደግሞ አታቆዩ። ለሚያረጅ ሰው ነገ የሚባለው ቀን አእምሮውን ይዞለት ላይመጣ ይችላል።

ባለፈው ሳምንት ደጅ ተቀምጬ አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ አስካለ ከአዴ ጫልቱ ቤት ተመለሰች። ፊቴ ቆማ አየችኝ። አላወቀችኝም።

«የኔ ጌታ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» አለችኝ።

«የባለቤቴ ወንድም» አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ያዘች። «እግዚአብሔር ያጽናህ። ቀብረኸዋል?» አለችኝ።

«አልቀበርኩትም።»

«አይዞህ» አለች፣ «እኔም አልቀበርኩም»። እዚያው ፀሐዩ እስኪጠልቅ አብራኝ ተቀመጠች።