ውሃ የጠጣው ቆዳ

ይህን የምጽፈው በወንጪ ሐይቅ መካከል የአንዲት ጀልባ ሞተር የጠፋበትን እውነተኛ ምክንያት የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ስለነበርን፣ ከሁለታችንም አንደኛው ዘንድሮ በሰኔ ስለተቀበሩ ነው። ከቀብሩ በኋላም ዝም ለማለት አስቤ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አምቦ ላይ፣ ከማደያው ወረፋ አጠገብ፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር ከመንገድ የገዛውን ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ወደ ፀሐይ ከፍ ሲያደርግ አየሁት። ከሥሩ ውሃ ተኝቶ እንደሆነ ለማየት ትንፋሹን ውጦ ይጠብቅ ነበር። ቤንዚንን በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ይመለከቱ የነበሩ አንድ ሌላ ሰው ብቻ አውቃለሁ።

ኦቦ ነገሪ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ በኦሮሞ ወግ ኤሱማ እላቸዋለሁ። ሐሮ ወንጪ ተወልደው ያደጉና የመንደሩን ማኅበር ባለሞተር ጀልባ ለብዙ ዓመታት የነዱ ሰው ናቸው። በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲ በተዘጋበት ክረምት የሃያ ዓመት ወጣት ነበርሁ። እናቴ «ሄደህ አግዛቸው» ብላ ከአምቦ ላከችኝ፤ መጻሕፍቴን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ የጭቃውን ዳገት ገሚሱን በመኪና ገሚሱን በእግሬ ወጥቼ ደረስሁ።

በዚያ ክረምት ጎብኚ የሚባል አልነበረም። ጀልባዋ ከሐይቁ ማዶ ባለው ሸለቆ የሚኖሩትን ሰዎች በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ከማሻገር በቀር ሥራ አልነበራትም። ኤሱማን የሚያሳስባቸውም ይኸው ነበር። «ሳልባትዮ ጎደሎ ሆኖ ከከረመ ሌሊት ሌሊት ያልበዋል» ይሉ ነበር፤ የነዳጁ ማጠራቀሚያ በብርዱ ከውስጥ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛውም ተንጠባጥቦ ከቤንዚኑ ሥር ይተኛል ማለታቸው ነው። ስለዚህ ቤንዚኑን ገልብጠው እንደገና ያጣሩታል። ከጀሪካኑ ሥር የቀረውን አንድ ጣት ያህል ፈጽሞ አይቀዱም። ማጣሪያቸው ደግሞ በምስማር ላይ የምትንጠለጠል፣ ለስልሳ የተፋቀች የበግ ቆዳ ነበረች። ከግማሹ ተቆርጦ በተዘቀዘቀ የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ያነጥፏትና ቤንዚኑን ያፈሱባታል። ቤንዚኑ ቀስ እያለ ያልፋል፤ ውሃው ግን ከላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቀራል። ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቅ ነበር። ቆዳዋ ጠቁራ፣ በቤንዚን ደድራ፣ ከሩቅ ትሸት ነበር።

«ይቺ ቆዳ አትታጠብም» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ለምን?»

«አትታጠብማ።»

«ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ኤሱማ?»

«ባርሲሳ፣ አንተ መጽሐፍህ ላይ ስታፈጥ ውለህ ስታድር፣ እኔ ለምን ብዬህ አውቃለሁ?» አሉና ሳቁ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ሊቀልዱብኝ ያወጡልኝ ስም ነበር።

እኔ በዚያ ዕድሜዬ ምክንያቱ ያልተነገረኝን ትእዛዝ ሁሉ ከአጉል እምነት እቆጥር ነበር። ከሞተሩ ጋር የመጣችውን መመሪያ አንብቤ፣ የሞተር ዋና ጠላት ቆሻሻ መሆኑን ተረድቼአለሁ። በሐምሌ አጋማሽ፣ ኤሱማ ገበያ በዋሉበት ቀን፣ ያችን ቆዳ ወደ ሐይቁ ዳር ወስጄ በሳሙና አጠብኋት። ጥቁሩ እድፍ ከላይዋ እየለቀቀ ሄዶ ስንዴ የመሰለ መልኳ ወጣ። ጨምቄ ከምስማሩ ላይ መለስኋት። ሲያዩ ይደሰታሉ ብዬ ነበር። በሐምሌ ጉም ግን ወንጪ ላይ በአንድ ቀን የሚደርቅ ነገር የለም።

በማግስቱ ጧት ቆጮና ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ሳለ የኤሱማ ስልክ ጮኸ። የሸለቆው የጤና ሠራተኛ ናት። ጫልቱ የምትባል ወላድ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምጥ ላይ ነበረች፤ አምቡላንስ በእኛ በኩል፣ መኪና መንገዱ በሚያልቅበት ቦታ ይጠብቃል፤ በቃሬዛ ዞረው ቢመጡ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«ባርሲሳ፣ አጣርተህ ሙላ» ብለውኝ ኤሱማ መቅዘፊያ ፍለጋ ሮጡ።

ቆዳዋን ሳነጥፋት ከእጄ ላይ ቀዘቀዘችኝ። ቤንዚኑ ከወትሮው ፈጥኖ አለፈ። ከላይ አንዲት የውሃ ዶቃ እንኳ አልቀረችም፤ ይህንንም ቤንዚኑ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጌ ወሰድሁት።

ስንሻገር ሞተሩ አንድም ጊዜ አላንገራገረም። ጫልቱን፣ ባሏን ቶሎሳንና የጤና ሠራተኛዋን ጭነን ተመለስን። ጤና ሠራተኛዋ ገና ሳንነሣ ማዳመጫዋን ከጫልቱ ሆድ ላይ አድርጋ፣ «የልጁ ልብ ደኅና ይመታል፤ ፍጠኑ ብቻ» አለች። ጀልባዋ በጭነቱ ወደ ኋላ ተጫነች። ከሳልባትዮው ሥር ተኝቶ የነበረውም ውሃ አብሮ ወደ ኋላ፣ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ወደሚወስደው ቱቦ ሳይሄድ አልቀረም። ከሐይቁ መካከል ስንደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ጸጥ አለ።

ጉሙ ዳርቻውን ሁሉ ውጦት ነበር። ኤሱማ ካርቡራተሩን ፈትተው የያዘውን በመዳፋቸው ተቀበሉት። ከቤንዚኑ ሥር የውሃ ፍንጣሪዎች ይንከባለላሉ። አፍስሰው፣ ገጥመው፣ ገመዱን ሳቡ። ሞተሩ ተነሣ፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል ሠራና ጠፋ። ደግመው ፈቱት፤ አሁንም ውሃ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ፣ «ቆዳዋን ምን አደረግሃት?» አሉኝ።

«አጠብኋት።»

«በምን?»

«በሳሙና። በሐይቁ ውሃ።»

«ደርቃ ነበር?»

«አልደረቀችም።»

«አስቀድማ ቤንዚን የጠጣች ቆዳ ውሃን ትመልሳለች» አሉ። «ውሃ የጠጣች ግን ውሃን እንደ ዘመድ ታስገባዋለች።» ከዚያም መቅዘፊያውን አስጨበጡኝ። «ቅዘፍ።»

የነበረን መቅዘፊያ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ከተሰበረ ወራት አልፈውት ነበር። እኔና ቶሎሳ እየተቀባበልን ቀዘፍን። ከገደሉ አፋፍ የወረደ ነፋስ ወደ ጎን ገፋን፤ ማዕበሉም በተጫነው የኋላ ጠርዝ በኩል መግባት ጀመረ። ጫልቱ የተኛችበት ምንጣፍ ሲርስ ኤሱማ ጀልባዋ እንድትቀል የሞተሩን ማሰሪያ ፈቱ።

«ኦቦ ነገሪ፣ የማኅበሩ ንብረት እኮ ነው» አለ ቶሎሳ።

«ሚስትህም የአንተ ናት» አሉና ሞተሩን ወደ ውሃው ለቀቁት። ድምፁ አጭር ነበር።

ሩብ ሰዓት የማይፈጀው መንገድ ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደብን። ልጅቷ የተወለደችው ዳርቻው ሳይታየን ነው። ጤና ሠራተኛዋ የሕፃኗን አፍ ጠረገች፣ ጀርባዋን አሸች፣ እፍ አለችባት። ሁላችንም ለቅሶ እንጠብቅ ነበር። በመጨረሻ በጋቢ የሕፃኗን ፊት ሸፈነችና፣ «ስንነሣ ሰምቼው ነበር» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «በጆሮዬ ሰምቼው ነበር።»

ጫልቱ በአምቡላንሱ አምቦ ደርሳ ተረፈች።

በሦስተኛው ቀን የማኅበሩ ሽማግሌዎች በኤሱማ በራፍ ላይ ተቀምጠው የሆነውን ጠየቁ። እኔ ከጎናቸው ነበርሁ። ኤሱማ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «ቤንዚኑ ውሃ ነበረበት፤ ያጣራሁትም እኔ ነኝ» አሉ። ቶሎሳም በዚያ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አሳረፉና ተጫኑኝ። እኔም ዝም አልሁ። የእጃቸው ክብደት ዝም እንዳሰኘኝ ለብዙ ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ እጃቸው ግን ከባድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ጀልባ ላይ አልወጡም። እንሰትና ድንች እያለሙ ኖሩ። ቶሎሳ በመንገድ ሲያገኛቸው ሰላምታ አይሰጣቸውም ነበር፤ እሳቸውም መንገዱን ይለቁለት ነበር። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አሁን ጉደር ውስጥ አስተምራለሁ፤ ባርሲሳ ሆንሁ ማለት ነው። ተማሪዎቼ «ለምን?» ብለው ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ምክንያቱን እነግራቸዋለሁ። ይህ ግን ለቶሎሳ ምንም አይመልስለትም። ጽሑፉን ስጨርስ አስቀድሜ የማነብለት ለእርሱ ነው።

የጠፋው ይህ ነው፦ አንድ ሞተር። አንድ ሰው ዕድሜውን የኖረበት ሥራ። አንድ የእግዜር ሰላምታ። አንዲት ሴት ልጅ፣ ስም ያልወጣላት።