የጽድ ጭስ

የልጅ ልጄ አዲስ የገዛችውን ሽቶ የእጇ አንጓ ላይ ረጭታ አፍንጫዬ ስር አመጣችው። ጽድ ጽድ ይሸታል።

«እማማ፣ ይሄ ሽቶ የሚቀባውን ሰው ማንነት ይናገራል አሉኝ» አለች።

እኔ ያሰብኩት አክስቴን ነው። በጣሊያን ጊዜ ማንኩሳ አጠገብ እሷ ዘንድ ነበር የማድገው። ባሏ አርበኛ ነበር፤ እሱና ጓደኞቹ ጨው ሲያልቅባቸው ከጫካ ወርዶ ገበያ ይሄዳል። ቡሬ መግቢያ ላይ ደግሞ ባንዳ ቆሞ የወንዱን ሁሉ ጋቢ ያሸታል፤ ጫካ የከረመ ሰው የጽድ ጭስ ይሸታልና።

ሌሎች ሴቶች ልብሳቸውን በወይራ ሲያጥኑ አክስቴ በጽድ ታጥን ጀመረች። ቀሚሷን፣ የእኔን ነጠላ፣ የበቅሎዋን የኮርቻ ልብስ፣ ግላሱን ሳይቀር። ጎረቤት ሳቀባት። እኔም አኮረፍኩ።

«ዝም በይ፤ ሁላችን ከሸተትን እሱን ማን ይለየዋል?» አለችኝ።

አንድ ቀን ባሏ አብሮን ገበያ ወረደ። ባንዳው ጋቢውን አሽትቶ ያዘው። አክስቴ ጠጋ አለችና «ጌታዬ፣ እኔንም ያሽትቱኝ እንጂ፤ ቤታችን የሚታጠነው በጽድ ነው» አለችው። አሸተታት። እኔንም አሸተተኝ። በቅሎዋን ሳይቀር አሸተተ። ከዚያ እጁን አወናጨፈና አሳለፈን።

ባሏ ጨውን ይዞ ወደ ጫካው ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ጣሊያን ከወጣ በኋላም አክስቴ ገበያ በወጣች ቁጥር ቀሚሷን በጽድ ታጥን ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

«ታዲያ ስለ እኔ ምን ይላል?» አለች የልጅ ልጄ፣ እጇን እንደዘረጋች።

«ጽድ አይናገርም» አልኳት።